ግራና ቀኙን ለየብቻ

የሱቄን ታፔላ ያወረድኩት በገዛ እጄ ነው። ሱቁን የተረከበችው ልጅ «እትዬ ሰዓዳ፣ ይቆይልኝ፤ ደንበኛ የሚያውቀው በሱ ነው» ብላ ለምናኝ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ታፔላ ጋር ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ስጣላ ነው የኖርኩት። የጻፈው ሰው ጨዋ ነበር፣ ከጨዋም ጨዋ። «ጡት ማስያዣ በልክ እንሰፋለን» ብለህ ጻፍልኝ ብለው «ጡት» የሚለውን ቃል አደባባይ ላይ አልጽፍም ብሎ፣ «ማስያዣ በልክ እንሰፋለን» የሚል አመጣልኝ። በሳምንቱ አንድ የጀልባ ሞተር ነጋዴ ከማታር መጥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እመቤቴ፣ ለብድሩ የምትቀበሉት ማስያዣ የቤት ካርታ ብቻ ነው ወይስ የመኪና ሊብሬም ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ልትለካ የቆመችው ሴት በሳቅ ፈረሰች። እኔ አልሳቅኩም። ሙሉ ሰው ስሙን መጻፍ የሚያፍርበትን ነገር ስሰፋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነኝ፤ ሳቁ ካለቀብኝ ቆየ።

አሁን ጀርባዬ እምቢ ብሎኝ የስፌት መኪናውን ለሌላ ሰጥቻለሁ። እቤት ስቀመጥ ደግሞ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ እጽፋለሁ። የማውቀው ስለ ጨርቅና ስለ ሴት ገላ ነው፤ የሚያፍር ካለ ገጹን ይግለጠው።

ወደ ጋምቤላ የመጣሁት በድርቁ ዘመን ከወሎ በሰፈራ ነው፤ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ አቦቦ በኩል መሬት ተሰጠው፣ በቆሎና ማሽላ ዘራ፣ እስኪሞት ድረስ ሙቀቱን እንደተራገመ ኖረ። እኔ ዕድሜዬ ለሥራ ሲደርስ ከተማ ገባሁና አንድ የተማሪ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠርኩ። ክፍያው በቁራጭ ነበር፣ ትንሽም ነበር፤ ስለሱ ይበቃል። የነጋዴው የሙያ ትምህርት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ሰፋ አድርገሽ ስፊው፣ ልጅ ያድጋል።» ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ልክ ያልሆነ ልብስ ሰፋሁ። ሙያ ማለት እሱ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን የመኪናችን መርፌ ተሰበረና ነጋዴው «ወደ ባሮ መውረጃው ላይ አንዲት ሰፊ አለች፣ ተበደሪ» ብሎ ላከኝ። ማንጎ ዛፍ ሥር፣ በአሮጌ ሸራ በተጋረደች ጠባብ ቤት በር ላይ አንዲት ቀጭን የአኙዋ ሴት መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እማማ አጁሉ ትባላለች። ስፌት የተማረችው በልጅነቷ ከሚሲዮኖች ነው።

«አንተ ማን ነህ?» አለችኝ።

ሻሽ አስሬ፣ ቀሚስ ለብሼ ወንድ መባሌ ከነከነኝ። «ሴት ነኝ እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ዓይን አለኝ። አማርኛህ ነው የሚያስቸግረኝ። ሰውን ሁለት ቦታ ይከፍላል።»

መርፌውን ሰጠችኝ። ስቀበላት ጭኗ ላይ የነበረውን ሥራ አየሁት። ነጭ የጥጥ ጡት ማስያዣ ነው፤ ጡት የሚገባባቸው ሁለቱ ኪሶች ግን እኩል አይደሉም። እኔ በዩኒፎርም ቤት ትዕቢቴ «እማማ፣ ተሳስተሻል፣ ግራው ይበልጣል» አልኳት።

«የሷም ግራው ይበልጣል» አለች። «እግዚአብሔር ነው የተሳሳተው? ሂድ ጠይቀው።»

መርፌውን መለስኩና በወሩ እሷ ዘንድ ገባሁ። ለአባቴ ምን እንደምሰፋ አልነገርኩትም፤ በኋላ ሲሰማም ለጎረቤት «ሸሚዝ ትሰፋለች» እያለ ኖረ። እናቴ ደግሞ «ነውር ነው» አለችና በሁለተኛው ሳምንት ለራሷ አንድ እንድሰፋላት በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

እማማ አጁሉ ሜትር አትይዝም ነበር። የምትለካው በለስላሳ ሲባጎ ነው። ሴትዮዋን ከሸራው ጀርባ ታስገባና ትንፋሽዋን እስክታወጣ ጠብቃ ሲባጎውን ከጡቷ ሥር ታዞርና አንድ ቋጠሮ ታስራለች። ከዚያ ወደ ፊት ታጎነብሳታለች፤ ጡት እውነተኛ መጠኑን የሚናገረው ሲንጠለጠል ነው ትላለች፤ በዚያ ጊዜ ሁለተኛውን ቋጠሮ ታስራለች። ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ። ቁጥር የሚባል ነገር ከአፏ አይወጣም። «ሴት ቁጥሩን ከሰማ ያዝናል» ትለኝ ነበር፣ «ትንሽ ከሆነ ያዝናል፣ ትልቅ ከሆነ ያዝናል።» እያንዳንዷ ሴት የራሷ ሲባጎ ነበራት፤ ጫፉ ላይ ሴትዮዋ ራሷ የመረጠችው የክር ቀለም ይታሰርበትና ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ስም አይጻፍም። የከተማው ግማሽ ሴት ገላ እዚያ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ማንም ግን የማን እንደሆነ አያውቅም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ነበራት። ሲባጎውን ሳታነሳ «ሥራህ ምንድነው?» ትላለች። ዓሣ ሻጯ ቀኑን ሙሉ ታጎነብሳለች፤ ለሷ የመሃሉ አቆራረጥ ከፍ ማለት አለበት። ውሃ የምትሸከመዋ ክንዷን ወደ ላይ ትይዛለች፤ ለሷ ከብብት ሥር ሰፊ ጨርቅ ያስፈልጋል። የምታጠባዋ በጎን የሚጠብቅና የሚላላ ማሰሪያ ትፈልጋለች። መልሱን ሰምታ አትረካም፤ አሠራሩን ታሠራታለች። ያች ዓሣ ሻጭ ባዶ ሳህን ይዛ ሸራው ውስጥ አጎንብሳ ስትነሳ፣ እማማ አጁሉ መነጽሯን ወደ ላይ ገፍታ ስታይ፣ እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ስተክል ዛሬም ይታየኛል። «አንተ ሰዓዳ» ትለኝ ነበር፣ «እጅህ ጥሩ ነው። ዓይንህ ግን ይሸሻል።»

ሸክሙን የሚይዘው ከጡት ሥር የሚዞረው መቀነት እንጂ የትከሻው ማንገቻ እንዳልሆነ ከሷ ተማርኩ። ማንገቻ ትከሻ ላይ ቦይ ከሠራ ሰፊው ዋሽቷል ማለት ነው። ስፖንጅና ሽቦ ያለበት የሱቅ ዕቃ በእኛ ሙቀት ሽፍታ እንደሚያወጣ፣ ላስቲክ በሁለት በጋ እንደሚሞት፣ ጥጥን በሰያፍ ከቆረጡት ግን ያለ ላስቲክም እንደሚሳብ ያወቅኩት እዚያች ሸራ ሥር ነው።

ኋላ ኢታንግ ውስጥ ለስደተኞች የሚሠራ አንድ ፕሮጀክት የስፌት አሠልጣኝ ፈለገና ሄድኩ። ደመወዙ ጥሩ ነበር። አለቃዬ ግን ሪፖርት የሚወድ ወጣት ነበር፤ «ሦስት መጠን ይበቃል፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» አለ። እምቢ ብለው «እትዬ፣ ፎርሙ ላይ ሦስት ሳጥን ነው ያለው» አለኝ። ሦስት መጠን ሰፍተን አደልን። በወሩ መንደሩን ስዞር አንዲት የኑዌር እናት መንታ ልጆቿን ይዛ አገኘኋት። የሰጠናትን መሃሉን ቆርጣ ለሁለቱ ልጆች የፀሐይ ቆብ አድርጋላቸዋለች፤ እውነቱን ለመናገር ልካቸው ነበር። አለቃዬን ወስጄ አሳየሁት። ሳይወድ ሳቀና «በይ እንደፈለግሽ» አለኝ።

እንደፈለግኩ የሠራሁት እስከ ዛሬ የምኮራበትን ነው። የሚያጠቡ እናቶች ልጃቸው የለመደው ጎን አለ፤ አንዱ ጎን ይሞላል፣ ሌላው ይቀራል። በዓመቱ ደግሞ ይገለበጣል። ስለዚህ ግራውንና ቀኙን ለየብቻ ሰፍቼ መሃል ላይ በሦስት አዝራር አገናኘኋቸው። አንዱ ጎን ሲጠብ ያንኑ ጎን ብቻ ፈትቶ መለወጥ ይቻላል። ለእማማ አጁሉ ሳሳያት አዝራሮቹን ፈትታ ገጠመች፣ ፈትታ ገጠመች፤ ከዚያ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። ከእሷ ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና ይሄ ነው።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ከተማ ተመልሼ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። እማማ አጁሉ እጇ ስለደከመ ሲባጎዎቿን ሁሉ ለኔ አስረክባ፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣች የሱቄ በር ላይ ትቀመጥ ነበር። ያን ጊዜ ነው አሪየት የመጣችው።

አሪየት እዚሁ ከተማ አንደኛ ክፍል ሂሳብ የምታስተምር የአኙዋ ልጅ ናት፤ የአርባ ዓመት ሴት ብትሆንም ለኔ ልጅ ናት። ረጅም ናት፣ ስትሄድ አትቸኩልም። መሀል አገር ሄዳ ቀኝ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አውጥተውላት ተመልሳለች። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ክፍል የምትገባው ነጠላ በቀኝ ትከሻዋ ላይ ጥላ ነው፤ በዚያ ሙቀት። በዚያ ላይ በጻፈች ቁጥር ነጠላው ይወርድባታል። ርእሰ መምህሩ አዝኖላት «መጻሕፍት ክፍል ላድርግሽ፣ ተቀምጠሽ ትሠሪያለሽ» ብሏት ነበር።

«እኔ ተቀምጬ አላውቅም» አለችኝ። «ነጠላ ሳልለብስ ሰሌዳ ፊት መቆም እፈልጋለሁ። እንደ በፊቱ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ እትዬ ሰዓዳ።»

የፈለገችው ይሄን ብቻ ነበር፤ በግልጽ አማርኛ ነግራኛለች።

መጋረጃ ውስጥ ገብታ ልብሷን ስታወልቅ ጠባሳውን አየሁና ዓይኔ ሸሸ። ያ እማማ አጁሉ የነገረችኝ ዓይኔ። ቀጥ ብላ እንደቆመች በችኮላ ለካኋት። አላጎነበስኳትም። ክንዷን አላስነሳኋትም፤ ያምማት ይሆናል ብዬ ነው ብል ውሸት ነው፣ ማየት ስላልቻልኩ ነው። ሥራዋንም አልጠየቅኳትም፤ መምህር እንደሆነች አውቃለሁ፣ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ቀኙን ኪስ በተባዘተ ጥጥ ሞልቼ፣ ቅርጹን አሳምሬ ሰፋሁላት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የለቀመችው እሷ ናት።

ለሙከራ ለብሳው መስታወት ፊት ቆመች። ከዚያ ቀኙን በእጇ ከሥር ነካ ነካ አድርጋ፣ «ቆንጆ ነው፣ እትዬ። ግን በዚህ በኩል ክብር ይጎድለዋል» አለችኝ።

ክብር ይጎድለዋል። ይህች ሴት ሴትነቷ የተወሰደባት መስሏታል፣ ራሷን ዝቅ አድርጋለች፣ ሥራዬም ያን ያስታውሳታል ብዬ አሰብኩ። «አይዞሽ የኔ እናት፣ ክብርሽን እኔ እመልሰዋለሁ» አልኳት። ግራ በተጋባ ዓይን አየችኝ፣ ነገር ግን ጨዋ ስለሆነች «እሺ» አለች።

ከልጄ ሠርግ የተረፈ ነጭ ዳንቴል ነበረኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነካሁም። በሁለቱም ኪስ ዙሪያ ዳንቴሉን ገጠምኩ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ አበባ ጠለፍኩ፣ መቀነቱን በሐር ክር ዘመዘምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሰፍቼ አላውቅም። ስትወስደው «ይሄ ለሠርግ ነው» አለችኝ። ምስጋና መሰለኝ።

የሆነውን የነገረችኝ ልጇ በአሪየት ክፍል የሚማር አንዲት ደንበኛዬ ናት። ሰኞ ጠዋት አሪየት ያለ ነጠላ ገባች። ልጆቹ ተነሥተው ሰላምታ ሰጡ። ጠመኔ ይዛ የሰሌዳው ጫፍ ላይ የመደመር ጥያቄ ልትጽፍ ቀኝ ክንዷን ስታነሳ፣ የእኔ ጥጥ ምንም የሚያስቀምጠው ነገር የለምና እንደ ላባ ተነሣ። በሸሚዟ ውስጥ ወደ ላይ ወጣ፣ ትከሻዋ ሥር ደረሰና እዚያ ቀረ። ስታወርደው እንደገና ወጣ። አንድ ሕፃን «ቲቸር፣ እዚያ ጋ ምን ገባብሽ?» አለ። ሕፃን ነው፣ ወፍ የገባ መስሎት ይሆናል። ሌሎቹ ሳቁ። አሪየት ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ወጣች፤ በማግስቱም አልመጣች፣ በሳምንቱም።

እኔ ምን አደረግኩ? ምንም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቷ አልሄድኩም። አፍሬ ነበር፣ ከማፈሬም በላይ ተናድጄ ነበር። ለሰው የማልሰጠውን ዳንቴል ሰጥቼ፣ ጣቴን ወግቼ፣ ምን ላድርግ? በመጨረሻ አንድ ጠዋት ለእማማ አጁሉ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። «ክብር ይጎድለዋል አለችኝ፣ ክብር ጨመርኩላት፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?»

እማማ አጁሉ በሩ ላይ እንደተቀመጠች ዞር ብላ አየችኝ። «ክብር ነው ያለው?»

«አዎ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ተነሥታ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ትልቁን መቀስ አነሳችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ይሄ ክብሩ ብዙ ነው» አለች። ከዚያ መቀሱን ወስዳ ባዶ የክር ማጠንጠኛ አስቀመጠችልኝ። «ይሄ ክብሩ ትንሽ ነው። እኔ ራሴ ስንት ዓመት እንደዚህ ብዬ ተናግሬአለሁ። አንተ ደገኛ ነህ፣ አማርኛ የአባትህ ነው፤ ክብር ብቻ ትሰማለህ።»

ክብደት። ልጅቷ ያለችው ክብደት ነው። ቀኙ ቀለለ፣ ይነሣብኛል ነው ያለችው፤ እንደ ባለሙያ አይታ፣ ጉድለቱን በጣቷ ነክታ አሳይታኛለች። እኔ ደግሞ ሐዘኗን ፈለግኩባት። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ በአንድ ሥራ ሁለቱንም አጠፋሁ።

«ክንድ አስነሥተሃል?» አለች እማማ አጁሉ።

«አላስነሣሁም።»

«ሥራዋን ጠይቀሃል?»

«መምህር መሆኗን አውቃለሁ እኮ፣ እማማ።»

«ማወቅ ሌላ፣ መጠየቅ ሌላ» አለችና ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ባጃጅ ይዤ አሪየት ቤት ሄድኩ። ልብስ እያጠበች ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ያልሽኝን አልሰማሁሽም፣ ክብር ስትይኝ ሌላ ነገር መስሎኝ ነው አልኳት። እጇን ከአረፋው አውጥታ ቆመች።

«ቀላል ነው ማለቴ እኮ ነው። ወደ ላይ ይሄዳል። ምን ይባላል በናንተ?»

«ክብደት።»

«ክብደት» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ዳንቴል አደረግሽበት።»

«አደረግኩበት።»

«ልጆቹ ሳቁብኝ፣ እትዬ ሰዓዳ። ዐሥራ ስምንት ዓመት አስተምሬ ልጅ ስቆብኝ አያውቅም።» ድምፅዋ አልተለወጠም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ለቅሶዬ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ «ርእሰ መምህሩ እስከዚህ ወር መጨረሻ ወስኚ ብሎኛል። ወይ ሰሌዳ፣ ወይ መጻሕፍት ክፍል» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት መጣች። ሲባጎውን ሳላነሳ «ሥራሽ ምንድነው?» አልኳት። የምትሠራውን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ማጥፋት፣ ወደ ትንንሾቹ ማጎንበስ፣ የልጅ እጅ ይዞ ቁጥር ማስጻፍ። ሁሉንም አሠራኋት። ዓይኔን አላሸሸሁም። ጠባሳው በክንዷ እንቅስቃሴ ወዴት እንደሚሳብ አየሁ፣ ስፌቱ የት ቢያርፍ እንደማይነካው አየሁ።

የቀረው ክብደቱ ነበር። የሰው ገላ ሚዛን ላይ አይቀመጥ። እማማ አጁሉ ከበሩ ሆና «ሰው ባሮ ሲገባ ውሃው ምን ይሆናል?» አለች። ገባኝ። ጎድጓዳ ሳህን እስከ አፉ ውሃ ሞላሁና ሰፊ ትሪ ላይ አስቀመጥኩት። አሪየት መጋረጃው ውስጥ አጎንብሳ ግራ ጡቷን ቀስ ብላ ውሃው ውስጥ አስገባች። «ቀዘቀዘኝ» አለች፤ በጋምቤላ እንደዚህ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ትሪው ላይ የፈሰሰውን ውሃ ጆግ ውስጥ ገለበጥኩና ጎረቤቴ ያለው ባለሱቅ ዘንድ ወሰድኩት። «ደግሞ ውሃ በሚዛን መሸጥ ጀመርሽ?» አለኝ። «ዝም ብለህ መዝን» አልኩት።

ክብደቱን አገኘን፤ አሁን በምን እንሙላው? መጀመሪያ ማሽላ በጨርቅ ከረጢት ሞከርኩ። ጥሩ ተቀመጠ፣ በስድስተኛው ቀን ግን አሪየት ከረጢቱን ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አራገፈችው። በላቧ በቅሏል። «እትዬ፣ እርሻ ሆኛለሁ» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። የባሮን አሸዋ አጥቤ ሞከርኩ፤ ጨርቁን እየበላ አፈሰሰ። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ከቤቷ አንድ ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ዶቃ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የወገቧና የአንገቷ፣ የእናቷም ጭምር፣ ጥቃቅኑ የብርጭቆ ዶቃ። «አይበሰብስም፣ አይበቅልም፣ ይታጠባል» አለች። ክሮቹን ራሷ በመቀሴ በጠሰች። እኔ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር።

ዶቃውን በውሃው ልክ መዝነን በሁለት ድርብ ጥጥ ከረጢት ሰፋሁት፤ ዙሪያውን ስስ ጥጥ፣ ከኋላ ወጥቶ የሚገባበት ኪስ። ዳንቴል የለም። ለብሳው ወጣች። ግድግዳዬ ላይ በጨርቅ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔዬ የሰሌዳዋን ጫፍ ከፍታ አሠመርኩላት፣ ጠመኔውንም ሰጠኋት። ክንዷን እስከ ጫፍ ድረስ አንሥታ ጻፈች፦ 8 + 5። አልተነሣም። ቀጠለች፤ 9 + 7፣ 6 + 6፤ ግድግዳዬን ሞላችው። እማማ አጁሉ ከበሩ ሆና መነጽሯን ወደ ላይ ገፍታ አየች። «ተቀመጠ» አለች።

ሰኞ ዕለት ስለ ዩኒፎርም ስፌት ልጠይቅ የመጣሁ አስመስዬ ትምህርት ቤቱ ሄድኩና በመስኮቱ አየሁ። አሪየት ያለ ነጠላ ሰሌዳ ፊት ቆማለች፤ ክንዷ ወደ ላይ ነው። ሃምሳ የሚሆኑ ሕፃናት አንዳቸውም እሷን አያዩም፣ ቁጥሩን ነው የሚያዩት። አንዱ እንዲያውም አፍንጫውን እየጎረጎረ ነበር። ማንም ምንም ያላየበት ያ ጠዋት ከሠራሁት ሁሉ ይበልጥብኛል።

ከዚያ ወዲህ በሱቃችን ክብር ማለት ክብደት ሆኖ ቀረ። ሌሎችም ሴቶች መጡ፣ ከሩቁ ፑኝዶ ጭምር፤ ለእያንዳንዷ ውሃ ሞላን። አሪየት በየክረምቱ እየመጣች ከረጢቷን ታሳጥብ ነበር። እማማ አጁሉን በዚያ መሃል ቀበርናት፤ በቀብሯ ላይ «አንተ» እያልኩ አለቀስኳት፣ ሰው ቢገርመውም።

በሦስተኛው ዓመት የአሪየት ሕመም ተመለሰ። መሀል አገር ሄዳ መጣች፣ ሐኪሞቹ የነገሯትን አልነገረችኝም። እኔ በሲባጎው አወቅኩት። መክሳት ጀመረች፤ ግራው ሲቀንስ ቀኙ ከበዳት፣ ወደ አንድ ጎን ጎተታት። «እትዬ፣ ክብሩን ትንሽ ቀንሺልኝ» አለችኝ። ውሃ ሞላሁ፣ ከበፊቱ ያነሰ ፈሰሰ። ከረጢቱን ተርትሬ ሁለት ማንኪያ ዶቃ አወጣሁ። በወር ተኩል መጣች፤ ደግሞ ሁለት ማንኪያ። ግራውንም ጎን ፈትቼ በጠበበ ለወጥኩላት፣ በቀጣዩ ጊዜም ደግሞ አጠበብኩት። ዶቃውን በዚያው በቆርቆሮው አስቀምጥላት ነበር። በየመምጣቷ ቆርቆሮው ይሞላል፣ እሷ ትቀላለች። ግድግዳው ጋ ሄዳ ክንዷን ታነሣለች፣ ቀጥ ብላ መቆሟን አያለሁ፣ «ልክ ነው» እላታለሁ።

የመጨረሻ ጊዜ የመጣችው ግንቦት ውስጥ ነው። እህቷ ደግፋ አስገባቻት። «እስከ ሰኔ ፈተና ድረስ ብቻ ይቁምልኝ» አለችኝ። ውሃው ትሪውን እንኳ አላዳረሰም። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው አንድ እፍኝ የማይሞላ ዶቃ ነበር። ሰፋሁላት፤ ለበሰችው፤ ክንዷን እስከ መስመሩ አነሣች። ከረጢቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። የሰኔውን ፈተና እሷው ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ እሷው አርማ ጨረሰች። በሐምሌ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ እህቷ ሱቄ መጣች። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች፤ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው የዶቃው ድምፅ ተሰማኝ። ከፋኝ፤ አልደብቅም። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ከእሷ ጋር አፈር ይገባል፣ እንደ ሙሉ ሴት ሆና ትቀበራለች ብዬ ስጽናና ነበር።

«ለብሳው አልተቀበረችም እንዴ?» አልኳት።

«የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሲገንዟት ሊያለብሷት ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው፤ ራሷ ተናግራ ስለነበር ነው።»

«ምን ብላ?»

«‹ለምትሠራበት ሴት ስጡት፣ እኔ እንዲሁ ሙሉ ነኝ› አለችን። ‹እዚያ ጥቁር ሰሌዳ የለም› አለች።»